ቅኝት፣ ምናብና ጣዕም በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ

የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሲነሣ፣ ሥራው ሁሉ የመሣሪያው እንጂ የሰው አይደለም የሚሉ አሉ። ታሪኩ የሚያስረዳን ግን ሌላ ነው።

ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ በ1944 እ.ኤ.አ. በካይሮ የዛር ሥርዓት ድምፅ በሽቦ መቅጃ ቀድቶ፣ በማስተጋቢያ ክፍል እያሳለፈ መልኩን ለወጠው። መቅጃው የሰጠው ድምፅ ብቻ ነው፤ ሙዚቃ ያደረገው ምናቡ ነው።

በ1954 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጀርመናዊው ካርልሃይንዝ ስቶክሃውዘን በኮሎኝ ራዲዮ ጣቢያ ለአንድ ድርሰቱ አዲስ ቅኝት አበጀ። ፒያኖ አንድ ድምፅ እጥፍ እስኪሆን ያለውን ርቀት በ12 ሲከፍል፣ እርሱ አምስት እጥፍ እስኪሆን ያለውን በ25 እኩል ደረጃ ከፈለ። ፒያኖ ለለመደ ጆሮ እንግዳ ቢሆን አያስደንቅም፤ ጣዕም ከልማድ ይወለዳልና።

የእኛም ጆሮ ያደገው በትዝታና በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ነው። ኤል ዳብም በ1963 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም የሰበሰበው የመሰንቆ፣ የክራርና የዋሽንት ተጫዋቾችን ነበር። ዛሬ የምንገዛው ኪቦርድ በ12ቱ እኩል ድምፆች ተቃኝቶ ይመጣል፤ ብዙው ግን እንደገና ሊቃኝ ይችላል። ሳንቃኘው ትዝታን ብንጫወትበት፣ የመሰንቆው ጣዕም ቀስ በቀስ ከልጆቻችን ጆሮ ይጠፋል። ስለዚህ መሣሪያውን አንፍራው፤ አስቀድመን ግን እንቃኘው።