የቋንቋ ፈተና፦ ከወጥመድ ወደ ሚዛን

የሰው ልጆች ቋንቋ መለያየት ከአላህ (ሱ.ወ.) ታላላቅ ምልክቶች አንዱ መሆኑን በሱረቱ ሩም እናነባለን። የሌላውን ሕዝብ ቋንቋ መማርም ለሙስሊሙ እንግዳ ነገር አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ወጣቱን ዘይድ ኢብኑ ሣቢትን (ረ.ዐ.) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘዙት። ዘይድም ግማሽ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አጥንቶ ጨረሰ፤ ከዚያ በኋላ የሚላከውን ደብዳቤ የሚጽፍ፣ የሚመጣውንም የሚያነብ እርሱ እንደነበር ተዘግቧል። ቋንቋውን የተማረው ሊኩራራበት አልነበረም። የሚሠራበት ጉዳይ ስለነበረው ተማረ፤ ከተማረም በኋላ ሠራበት።

ውድ አንባቢያን! ዛሬ በየቤታችን ቡና ሲፈላ የሚነሳው የቋንቋ ጉዳይ የእንግሊዝኛ ነው። በነርስነት የተመረቀች ልጅ ያለችው አባት፣ ለውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የሚጽፍ ወንድም ያላት እህት «አይልትስ» እና «ቶፍል» የሚባሉትን ስሞች ሳይሰሙ አይቀሩም። ለማሠልጠኛው ይከፈላል፤ ለፈተናው ይከፈላል፤ ካልተሳካም እንደገና ይከፈላል። ለመሆኑ እንግዳን በር ላይ አቁሞ «ቋንቋህን አሳየኝ» ማለትን ማን ጀመረው? ለምንስ ጀመረው? ታሪኩን ብናውቅ ገንዘባችንንና የልጆቻችንን ጊዜ የምናፈስበትን ነገር ምንነት ለይተን እናያለን።

በሩን ለመዝጋት የወጣ ፈተና

ዛሬ የደቡብ አፍሪካ ክፍል የሆነችው ናታል በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። ብዙ ሕንዶችም ይኖሩባት ነበር። ከፊሎቹ በሸንኮራ አገዳ እርሻ ሊሠሩ በውል የመጡ ናቸው፤ ሌሎቹ በገዛ ገንዘባቸው ተሳፍረው የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። ከነጋዴዎቹም ብዙዎቹ የጉጀራት ሙስሊሞች ነበሩ። ወጣቱን ጠበቃ ጋንዲን እ.ኤ.አ. በ1893 ለአንድ የፍርድ ቤት ክርክር ወደ ደቡብ አፍሪካ ያስመጣው የዳዳ አብደላ የንግድ ቤት ከነዚሁ አንዱ ነው።

የእነዚህ ሰዎች ቁጥርና ንግድ መስፋፋቱ ያላስደሰታቸው ነጭ ሰፋሪዎች በ1897 አንድ ሕግ አወጡ። ወደ ናታል መግባት የሚፈልግ ሰው ማመልከቻውን በአውሮፓ ቋንቋ ፊደል መጻፍ አለበት የሚል ነው። የሂሳብ መዝገቡን በጉጀራትኛ አሳምሮ የሚይዝ ነጋዴ በዚህ ሕግ ፊት ማይም ሆነ። ልብ በሉ፦ ሕጉ «ሕንድ አይግባ» አይልም፤ የዘርም ሆነ የሃይማኖት ስም አይጠራም። ሕንዶች የእንግሊዝ ዘውድ ተገዢዎች ስለነበሩ በስማቸው ጠርቶ መከልከል ለለንደን መንግሥት ያሳፍር ነበር። ስለዚህ ቋንቋ የዘር መጋረጃ ተደረገ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ የቅኝ ግዛቶች ሚኒስትር ጆሴፍ ቻምበርሌን ይህንኑ ዘዴ ለሌሎቹ ቅኝ ግዛቶች እንደ ጥሩ ምሳሌ አቀረበው።

አውስትራሊያም በ1901 ተቀበለችው፤ እንዲያውም አባሰችው። በሕጉ መሠረት የኢሚግሬሽን ሹሙ ሃምሳ ቃል ያህል ያለው ጽሑፍ ያነባል፤ ከመርከብ የወረደው ሰው ይጽፋል። በትምህርት ቤት ዲክቴሽን የምንለው ማለት ነው። ችግሩ ያለው በቋንቋው ላይ ነው። ሕጉ «በማንኛውም የአውሮፓ ቋንቋ» ይላል፤ የሚመርጠውም ሹሙ ነው። እንግሊዝኛ የሚያውቀውን በፈረንሳይኛ፣ ፈረንሳይኛ የሚያውቀውን በሌላ መፈተን ይቻል ነበር። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በ1902 እና በ1903 ከተፈተኑት 805 ሰዎች ያለፉት 46 ብቻ ናቸው። ከ1904 እስከ 1909 ከ554 ሰዎች ያለፉት 6 ናቸው። ከ1909 ወዲህ አንድም ሰው አላለፈም።

ይህ ሕግ ከነካቸው ሰዎች መካከል ሙስሊም ወንድሞቻችን ይገኙበታል። ከ1860ዎቹ ጀምሮ ከአፍጋኒስታን፣ ከባሉቺስታን፣ ከፑንጃብና ከአካባቢው የመጡ ግመል ነጂዎች የአውስትራሊያን በረሃ አቋርጠው እህል፣ ውኃና የቴሌግራፍ እንጨት አመላልሰዋል። በአዴሌድ ከተማ በ1888 እና በ1889 ያሠሩት መስጊድ ዛሬም ቆሟል። የሱፍና የማዕድን ንግዱ ያለ እነርሱ ግመሎች ወደ መሐል አገር ባልገባ ነበር። ሆኖም ከእነርሱ አንዱ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ወደ አገሩ ሄዶ መመለስ ቢያምረው፣ ከዲክቴሽኑ ነጻ የሚያደርግ ወረቀት አስቀድሞ ማውጣት ነበረበት። በወረቀቱ ላይ ፎቶግራፉ ይለጠፋል፤ በጀርባው የእጁ መዳፍ በቀለም ይታተማል። ወረቀቱ የሌለው ሰው ዓመታት የደከመበት አገር ደጃፍ ላይ ለዚያው ፈተና ይጋለጣል።

ፈተናው ምን ያህል ማስመሰያ እንደነበር በ1934 ለዓለም ሁሉ ታየ። ኤጎን ኪሽ የሚባል የፕራግ ተወላጅ ጋዜጠኛ ፋሺዝምን ሊቃወም ወደ አውስትራሊያ ሄደ። መንግሥት እንዲገባ አልፈለገም። ሰውየው ግን ብዙ የአውሮፓ ቋንቋ የሚያውቅ ሆኖ ተገኘ። ምን ተደረገ? በስኮትላንድ ጌሊክ ፈተኑት! በስኮትላንድ ውስጥ እንኳ ጥቂት ሰዎች ብቻ በሚናገሩት ቋንቋ ማለት ነው። ጉዳዩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም ይህ በሕጉ የታሰበው ዓይነት የአውሮፓ ቋንቋ አይደለም ብሎ ለኪሽ ፈረደ። ዲክቴሽኑ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1958 ነው።

ሚዛን የሆነው ፈተና

በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ፈተናም ተወልዷል። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በ1913 በየአገራቸው እንግሊዝኛ ለማስተማር ለሚፈልጉ የውጭ ሰዎች የችሎታ ምስክር ወረቀት አቋቋመ። ፈተናው 12 ሰዓት ያህል የሚፈጅ ሲሆን ትርጉም፣ ድርሰት፣ የድምፅ ጥናትና ንግግር ነበረበት። በመጀመሪያው ዓመት የቀረቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም ወደቁ። ከአውስትራሊያው ጋር ስናስተያየው ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። እነዚህ ሦስት ሰዎች የሚፈተኑበትን ቋንቋም ትምህርትም አስቀድመው ያውቁ ነበር። የወደቁት ፈተናው ስለከበዳቸው ነው እንጂ ማንም እንዲወድቁ ስላሰበ አይደለም።

አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚሄዱ የውጭ ተማሪዎች ቶፍል በ1964 መሰጠት ጀመረ። በእንግሊዝ አገር በ1980 የተጀመረው ሌላ ፈተና ተሻሽሎ በ1989 አይልትስ ሆነ። ካምብሪጅና ብሪቲሽ ካውንስል ያዘጋጁታል፤ ሦስተኛው ሸሪካቸው አውስትራሊያዊ ድርጅት ነው። በአንድ ወቅት በጌሊክ የምትፈትን አገር፣ ዲክቴሽኗን በሻረች በ31 ዓመቷ ሕግጋቱ ተጽፎ በተሰጠ ፈተና ውስጥ ተሳተፈች። ለሐኪሞች፣ ለነርሶችና ለሌሎች የጤና ባለሙያዎች ብቻ የሚሰጥ የሙያ እንግሊዝኛ ፈተናም በ1980ዎቹ መጨረሻ የተዘጋጀው እዚያው አውስትራሊያ ነው።

አይልትስ አራት ነገር ይመዝናል፦ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር። ለማዳመጡ 30 ደቂቃ ያህል፣ ለማንበቡ 60 ደቂቃ ይሰጣል፤ ሁለቱም አርባ አርባ ጥያቄ አላቸው። በ60 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጽሑፍ ይጻፋል፤ አንዱ ከ150፣ ሌላው ከ250 ቃል ማነስ የለበትም። ንግግሩ ከፈታኝ ጋር ፊት ለፊት ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው። ውጤቱ እስከ 9 በሚደርስ ደረጃ ይሰጣል። ሁለት ዓይነትም አለው፦ አካዳሚክ የሚባለው በአብዛኛው ለዩኒቨርሲቲና ለሙያ ምዝገባ፣ ጄኔራል የሚባለው ለሥራና ለኑሮ ፍለጋ ይጠየቃል። አንዱ በሌላው ቦታ ላይጠቅም ይችላልና ከመክፈል በፊት መጠየቅ ነው።

ሚዛን ነው ስንል በሩ ለሁሉም እኩል ሰፊ ነው ማለታችን አይደለም። ክፍያው ለብዙው ደመወዝተኛችን ከወር ገቢው ይበልጣል። የአንድ ጧት ራስ ምታት የአንድን ዓመት ዝግጅት ሊያበላሽ ይችላል። ቢሆንም ሚዛኑ የታወቀ ነው፤ የታወቀ ሚዛን ፊት ደግሞ መዘጋጀት ይቻላል። ግመል ነጂው ግን ምን ሊያጠና ይችል ነበር?

እኛና እንግሊዝኛ

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ እንግሊዝኛ የትምህርት ቤቶቻችን ዋና የውጭ ቋንቋ ሆነ። ብሪቲሽ ካውንስልም እ.ኤ.አ. በ1942 አዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። በኋላ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን የሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ ቀጠለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ አዘዘ። ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት የተማረ ወጣት ንግግሩ ላይ ሲደርስ ለምን ላብ ያሰጥመዋል?

መልሱን እኛ የመድረሳ ሰዎች ከራሳችን ቤት እናውቀዋለን። የነሕው ኪታቦችን አኽትሞ የእያንዳንዱን ቃል ኢዕራብ በአንድ ትንፋሽ የሚናገር ደረሳ፣ ጂዳ ወርዶ የአውቶቡስ ፌርማታ ለመጠየቅ ምላሱ ይታሰራል። በአንጻሩ ፊደል ሳትቆጥር ለቤት ሥራ ወደ ዓረብ አገር የሄደች እህት በሁለት ዓመት ውስጥ ገበያ ወጥታ ተከራክራ ትገዛለች፤ ደብዳቤ ስጧት ግን አታነበውም። አንዱ ደንቡን ይዟል፤ ሌላዋ ምላሱን። አራቱን ነገር የሚመዝን ፈተና ሁለቱንም ይጠይቃል። ስለዚህ ሰዋስው ብቻ የሚያስጠና ማሠልጠኛም፣ በአንድ ወር አቀላጥፋችሁ ትናገራላችሁ የሚል ማስታወቂያም ግማሹን ብቻ ነው የሚሸጥላችሁ።

ሌላም ልዩነት አለ። ሸኹ ለደረሳው ኢጃዛ የሚሰጠው ዓመታት አጠገቡ አስቀምጦ ካሰማው በኋላ ነው፤ ኢጃዛውም የጊዜ ገደብ የለውም። የአይልትስና የቶፍል ውጤት ግን የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። ፈታኙ አያውቀንም፤ የመሰከረውም የአንድ ቀን ችሎታችንን ነው። ስንቱ ወጣት ጉዳዩ ሳይሳካ ሁለቱ ዓመት አልፎበታል! ወረቀቱ ይሞታል። ቋንቋው ግን የተማሩት ከሆነ አብሮ ይኖራል፤ ባይሄዱም እዚሁ ያሠራል።

የአንዱ ማታለል ለብዙው ሲተርፍ

ወረቀቱ ብቻ ሲፈለግ የሚመጣውን ጥፋት እንግሊዝ አገር አይተነዋል። በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. የቢቢሲ ቴሌቪዥን በአንዳንድ የፈተና ጣቢያዎች ሌላ ሰው ተተክቶ ሲፈተን፣ መልስም ለተፈታኞች ጮክ ተብሎ ሲነበብ በድብቅ ቀርጾ አሳየ። ፈተናው ለቪዛ የሚጠየቀው ቶይክ ነበር። ከዚያ የመጣው ቁጣ አጥፊውንና ንጹሑን አልለየም። የውጤት ወረቀታቸው ሐሰት ነው የተባሉት ከ30,000 በላይ ናቸው። ብዙዎቹ ከሕንድ፣ ከፓኪስታንና ከባንግላዴሽ የሄዱ ተማሪዎች ነበሩ። ከመካከላቸው ራሳቸው ተፈትነው በትክክል ያለፉ ሰዎች ነበሩ፤ ስማቸውን ለማጥራት ዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሱ። ወላጆቻቸው መሬትና ወርቅ ሸጠው የላኳቸው ልጆች ትምህርታቸው ተቋረጠ።

ማታለል በዲናችን ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ጊዜ የምንረሳው የጉዳቱን ስፋት ነው። በሌላ ሰው እውቀት የሚያልፍ ሰው፣ ከኋላው በላቡ ተዘጋጅቶ የሚመጣውን ወንድሙን ተጠርጣሪ ያደርገዋል። ነርስ ሆኖ ሲቀጠርም የመድኃኒቱን መጠን አንብቦ ካልተረዳ የታማሚ ነፍስ አማና አለበት።

ውድ ወላጆች! ልጃችሁ ለመሄድ ሲነሳ ደላላውን ከመጠየቃችሁ በፊት የሚቀበለውን ትምህርት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ጠይቁ። የትኛው ፈተና? የትኛው ዓይነት? ስንት ነጥብ? ፈተና የማይጠየቅበትም ጊዜ አለ። በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የተጀመረው የአሜሪካ ዲቪ የጠየቀው የ12ኛ ክፍል ትምህርት ወይም የሁለት ዓመት የሙያ ልምድ ነው እንጂ የእንግሊዝኛ ፈተና አልነበረም። ሆኖም ፈተና ስላልተጠየቀ ቋንቋው አላስፈለገም ማለት አይደለም፤ ከአውሮፕላን የወረዱ ዕለት የሥራውን ማስታወቂያ የሚያነብላቸው ሲያጡ ይታወቃቸዋል።

የሚማር ልጅ ካለም ቤታችሁ ውስጥ በቀን ግማሽ ሰዓት በእንግሊዝኛ ጮክ ብሎ እንዲያነብ፣ ያነበበውንም መልሶ እንዲናገር አድርጉ። ቁርኣንን ያስቀራነው ከጧት እስከ ማታ ደጋግሞ በማሰማት አይደለም እንዴ? ምላስ የሚፈታው በዚሁ መንገድ ነው። ሴት ልጆቻችሁንም አትተዉ፤ ባዕድ አገር ውሏን ማንበብ የምትችል ልጅ መብቷን ለሌላ ሰው አፍ አትተውም።

አላህ (ሱ.ወ.) ጠቃሚ ዕውቀትና ሐላል ሪዝቅ ይስጠን። የሄዱትን በሰላም ያኑርልን፤ ያሉትንም ይጠብቅልን። አሚን።