ፖርት ፎርዋርዲንግ

ፖርት ፎርዋርዲንግ ከኢንተርኔት ወደ አንድ ራውተር የመጣን ግንኙነት፣ ራውተሩ ከጀርባው ካሉት ኮምፒውተሮች ወይም የጌም መሣሪያዎች ለአንዱ እንዲያደርስ የሚያዝ ሴቲንግ ነው። በቤት ውስጥ በብዛት የሚያገለግለው ተጫዋቹ በራሱ ኮምፒውተር ላይ የጌም ሰርቨር ከፍቶ ሌላ ከተማ ያሉ ጓደኞቹን ለማስገባት ሲፈልግ ነው። ለደህንነት ካሜራና ከሩቅ ፋይል ለመክፈትም ይውላል።

ምክንያቱ

በኢንተርኔት ላይ ያለ መሣሪያ ሁሉ የሚታወቀው በአይፒ አድራሻ ነው። አራተኛው የአይፒ ስሪት 32 ቢት ስለሆነ ሊኖሩት የሚችሉት አድራሻዎች 4,294,967,296 ብቻ ናቸው። ይህ ለዓለም ሕዝብ ስልክና ኮምፒውተር አይበቃም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1994 ኤንኤቲ የተባለ ዘዴ ቀረበ፤ በ1996 ደግሞ በውስጥ ኔትዎርክ ብቻ የሚሠሩ የግል አድራሻዎች ተወሰኑ። በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትና በ192.168 የሚጀምሩት የግል አድራሻዎች ናቸው። በኤንኤቲ አማካኝነት የአንድ ቤት መሣሪያዎች በሙሉ ራውተሩ በያዘው አንድ የሕዝብ አድራሻ ይወጣሉ።

አንዱን መሣሪያ ከሌላው፣ አንዱን አገልግሎትም ከሌላው ለመለየት ፖርት የሚባል ቁጥር ይጨመራል። የፖርት ቁጥሮች ከ0 እስከ 65535 ናቸው። ቤት ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ወደ ውጭ ጥያቄ ሲልክ ራውተሩ ይመዘግበዋል፤ መልሱ ሲመጣም ለማን እንደሆነ ያውቃል። ማንም ሳይጠይቅ ከውጭ የመጣ ግንኙነት ግን በመዝገቡ ውስጥ ስለሌለ ይጣላል።

ነገሩ ብዙ ቤቶች ያሉበትን ባለ አንድ በር ግቢ ይመስላል። ዘበኛው የማን እንግዳ እንደሆነ ያልተነገረውን ሰው ይመልሳል። ፖርት ፎርዋርዲንግ ማለት «25565 ብሎ የሚመጣ እንግዳ ወደ ሦስተኛው ቤት ይግባ» ብሎ ለዘበኛው አስቀድሞ መንገር ነው።

ጥቅሙ በርቀት ሲለካ

ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ዓለም አቀፍ ግንኙነቷ በጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ይደርሳል። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪ.ሜ. ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ጀርመን ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪ.ሜ. በላይ ስለሆነ፣ አንድ መልእክት ደርሶ ለመመለስ ሌላ መዘግየት ባይኖር እንኳ ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ኬብሉ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድና በመንገዱ ብዙ መሣሪያዎች ስላሉ ትክክለኛው ጊዜ ከዚህ በጣም ይበልጣል።

ለምሳሌ በሐይቅ ከተማ ያለ ተማሪ ሰርቨሩን በቤቱ ከፍቶ፣ ጓደኞቹ አንዱ ከአምባሰል ወረዳዋ ውጫሌ ሌላው ከደሴ ቢገቡ ስሌቱ ይለወጣል። ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን 28 ኪ.ሜ. ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ደሴም ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ 400 ኪ.ሜ. ገደማ ትርቃለች። መልእክቱ ከሐይቅ አዲስ አበባ ደርሶ ወደ ደሴ ቢመለስ እንኳ በፋይበሩ ላይ የሚፈጀው የደርሶ መልስ ጊዜ 10 ሚሊሰከንድ አይሞላም። በተኩስና በእሽቅድምድም ጌሞች ይህ ልዩነት በእጅ ይታወቃል።

የማያስፈልግበት ጊዜ

እንደ ፐብጂ ሞባይልና ፍሪ ፋየር ያሉ ጌሞች የሚሠሩት በኩባንያዎቻቸው ሰርቨር ላይ ስለሆነ ፖርት መክፈት ፍጥነታቸውን አይጨምርም። በፕሌይስቴሽን ቤት በአንድ መሣሪያ ላይ ለሚጫወቱ፣ ወይም በአንድ ዋይፋይ ውስጥ ላሉ ኮምፒውተሮችም አያስፈልግም። ኤክስቦክስና ፕሌይስቴሽን ግን ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር በቀጥታ ሲገናኙ የኤንኤቲ ዓይነታቸው ጥብቅ ከሆነ ከአንዳንድ ተጫዋቾች ጋር መገናኘት ያቅታቸዋል፤ የድምፅ ንግግርም ይቋረጣል። ለእነዚህ ፖርት መክፈት ይረዳል።

አስቀድሞ የሚጣራ ነገር

ፖርት ፎርዋርዲንግ የሚሠራው ራውተሩ ራሱ የሕዝብ አድራሻ ካለው ብቻ ነው። አድራሻ ስላነሰ ብዙ አገልግሎት ሰጪዎች በርካታ ደንበኞችን በአንድ የሕዝብ አድራሻ ያወጣሉ። ለዚህ ዓይነቱ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2012 ከ100.64.0.0 እስከ 100.127.255.255 ያሉት አድራሻዎች ተመድበዋል። በዚህ ጊዜ ሁለተኛው በር በአገልግሎት ሰጪው እጅ ስለሆነ ደንበኛው በራውተሩ ላይ የሚከፍተው ፖርት ከውጭ አይታይም። በሞባይል ኔትዎርክ፣ በሲም ካርድ የሚሠሩ ራውተሮችን ጨምሮ፣ የተለመደው ይህ ነው።

ለማጣራት በራውተሩ ገጽ ላይ በዋን ወይም በኢንተርኔት ክፍል የተጻፈው አድራሻ፣ አይፒ አድራሻን ከሚያሳዩ ድረ ገጾች ውጤት ጋር ይነጻጸራል። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ወደሚቀጥለው ደረጃ መሄድ ይቻላል። ከተለያዩ ወይም የራውተሩ አድራሻ ከላይ ከተጠቀሱት የግል አድራሻዎች አንዱ ከሆነ በሴቲንግ መድከም ዋጋ የለውም። ቤት ውስጥ ሁለት ራውተሮች ተቀጣጥለው ከሆነ ግን ችግሩ ከሁለተኛው ራውተር ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱ ይታያል።

አሠራሩ በቅደም ተከተል

1. ጌሙ የሚከፈትበት ኮምፒውተር የማይለወጥ የውስጥ አድራሻ ይሰጠዋል። በራውተሩ ዲኤችሲፒ ክፍል ውስጥ ለምሳሌ 192.168.1.50 ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ ይያዛል። ይህ ካልተደረገ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አድራሻው ተለውጦ ፖርቱ ወደ ሌላ መሣሪያ ሊያመራ ይችላል።

2. በብራውዘር ወደ ራውተሩ ገጽ ይገባል። አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፤ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል በአብዛኛው በራውተሩ ታች ወይም ጀርባ ተለጥፈዋል።

3. ተገቢው ክፍል ይፈለጋል። በዜድቲኢ ራውተሮች ፖርት ፎርዋርዲንግ፣ በሁዋዌ ፖርት ማፒንግ፣ በቲፒ-ሊንክ ቨርቹዋል ሰርቨር የሚል ስም አለው።

4. የውጭ ፖርት፣ የውስጥ ፖርት፣ የኮምፒውተሩ አድራሻና የፕሮቶኮሉ ዓይነት ይሞላሉ። ማይንክራፍት የጃቫ እትም ቲሲፒ 25565ን፣ የቤድሮክ እትም ዩዲፒ 19132ን፣ ኤክስቦክስ ዩዲፒ 3074ን ይጠቀማሉ። ቲሲፒና ዩዲፒን ማደባለቅ የተለመደ ስሕተት ነው።

5. በኮምፒውተሩ ፋየርዎል ላይ ለጌሙ ፈቃድ ይሰጣል።

6. ሰርቨሩ ተከፍቶ እያለ ከሌላ ኔትዎርክ፣ ለምሳሌ በሞባይል ዳታ፣ ይሞከራል። ሰርቨሩ ካልተከፈተ ፖርቱ ዝግ መስሎ ይታያል። ብዙ ራውተሮች ከቤቱ ዋይፋይ ሆኖ በሕዝብ አድራሻ መግባትን ስለማይፈቅዱ ከውስጥ መሞከር ያሳስታል።

ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ የሕዝብ አድራሻውም ሊለወጥ ስለሚችል ጓደኞች የድሮውን አድራሻ ይዘው ይቀራሉ። ዲዲኤንኤስ የተባለው አገልግሎት አንድ የማይለወጥ ስም ሰጥቶ አዲሱን አድራሻ በየጊዜው ያያይዝለታል።

ደህንነት

የተከፈተ ፖርት ለጓደኛ ብቻ ሳይሆን ለማንም የተከፈተ ነው። በኢንተርኔት ላይ ክፍት ፖርት ሲፈልጉ የሚውሉ ፕሮግራሞች ስላሉ ትንሽ ከተማ ውስጥ መሆን አይሰውርም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በርካታ ራውተሮችንና ካሜራዎችን የተቆጣጠረው ከፋብሪካ የመጡበት የይለፍ ቃል ስላልተቀየረ ነበር።

ስለዚህ የራውተሩ የይለፍ ቃል አስቀድሞ ይቀየራል፤ የሚከፈተው የሚያስፈልገው ፖርት ብቻ ነው፤ ጨዋታው ሲያበቃም ይዘጋል። ሁሉንም ፖርት ወደ አንድ ኮምፒውተር የሚለቀው ዲኤምዜድ የተባለው ሴቲንግ አይመከርም። ከሩቅ ዊንዶውስን ለመቆጣጠር የሚያገለግለውን 3389ን ለኢንተርኔት መክፈት ለፋይል ቆላፊ ቫይረሶች መንገድ ይሰጣል። ዩፒኤንፒ የተባለው ዘዴ ፖርቶችን በራሱ ስለሚከፍት ምቹ ነው፤ ነገር ግን ቤት ውስጥ የገባ ቫይረስም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሊጠቀምበት ይችላል። በማይንክራፍት ሰርቨር ላይ የተፈቀደላቸውን ተጫዋቾች ስም ዝርዝር መጠቀም እንግዳን ይከለክላል።

አማራጮች

የሕዝብ አድራሻ ለሌለው ሰው ዋናው አማራጭ እንደ ዚሮቲየር ወይም ቴይልስኬል ያለ ፕሮግራም በሁሉም ተጫዋቾች ኮምፒውተር ላይ መጫን ነው። ፕሮግራሙ የሐይቁን፣ የውጫሌውንና የደሴውን ኮምፒውተር በአንድ ቤት ውስጥ እንዳሉ አድርጎ ያገናኛል፤ ፖርትም መክፈት አይጠይቅም። ቀጥታ ግንኙነት ካልተሳካ ግን መልእክቱ በሌላ ቦታ ባለ አስተላላፊ ሰርቨር ስለሚዞር መዘግየቱ ይጨምራል። ቋሚ የሕዝብ አድራሻ ከአገልግሎት ሰጪ በክፍያ መጠየቅም ይቻላል፤ ይህ በአብዛኛው የሚቀርበው ለድርጅት መስመሮች ነው።

ስድስተኛው የአይፒ ስሪት 128 ቢት በመሆኑ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ የሕዝብ አድራሻ ሊሰጥ ይችላል። በዚህ ስሪት ኤንኤቲም ሆነ ፖርት ፎርዋርዲንግ አያስፈልግም፤ በራውተሩ ፋየርዎል ላይ ፈቃድ መስጠት ይበቃል። ለዚህ ግን አገልግሎት ሰጪው፣ ራውተሩና ጌሙ ሦስቱም ስሪቱን መደገፍ አለባቸው።