ነፍሳትን የሚገድሉ ፈንገሶች እንደ ፀረ-ተባይ፦ ለሚረጨው ሰውና ለቤተሰቡ

ጎመን፣ ቲማቲም ወይም ሌላ አትክልት የሚያለሙ ከሆነ፣ ከኬሚካል ይልቅ በፈንገስ ተባይን መከላከል እንደሚቻል ሰምተው ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ሰብሉ ላይ ሳይሆን በሚረጨው ሰውና አብረውት በሚኖሩት ጤና ላይ ነው።

ምንድን ናቸው?

በአፈር ውስጥ በተፈጥሮ የሚኖሩና ነፍሳትን የሚያጠቁ ፈንገሶች ናቸው። በብዛት ለገበያ የሚቀርቡት ቤውቬሪያ ባሲያና እና ሜታራይዚየም ይባላሉ። ቤውቬሪያ ባሲያና የተሰየመው በጣሊያናዊው አጎስቲኖ ባሲ ሲሆን፣ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1835 የሐር ትል በሽታ ከዚህ ፈንገስ እንደሚመጣ አሳይቷል። አንበጣና ፌንጣን የሚያጠቃው የሜታራይዚየም ዝርያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 የበረሃ አንበጣ ምሥራቅ አፍሪካን ሲወርር በሶማሊያ ተረጭቷል።

እነዚህን ለሰብል የፈንገስ በሽታ ከሚረጨው ፀረ-ፈንገስ ጋር አያምታቱ። ሁለቱን በአንድ መርጫ ከቀላቀሉ ፀረ-ፈንገሱ ጠቃሚውን ፈንገስ ሊገድለው ይችላል።

እንዴት ይሠራሉ?

ስፖር የሚባለው ዱቄት መሰል የፈንገሱ ዘር በተባዩ ገላ ላይ ይጣበቃል፤ ከዚያም በቅሎ ቅርፊቱን በስቶ ወደ ውስጥ ይገባል። ተባዩ መብላት ከሚያስፈልገው ኬሚካል በተለየ መነካቱ ብቻ ይበቃል። ነገር ግን ወዲያው አይሞትም፤ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ቀን ይወስዳል። ትልቁ ስሕተት የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው፦ ገበሬው በማግስቱ ትሉ ሲንቀሳቀስ ያይና «አልሠራም» ብሎ ኃይለኛ ኬሚካል ይደግማል። እንዲህ ከሆነ ለጤና ሲባል የተመረጠው መንገድ ጥቅሙ ይቀራል። ፀሐይና ደረቅ አየር ስፖሩን ስለሚያዳክሙት፣ ወደ ማታ መርጨት ይሻላል።

ሰውን ይጎዳሉ?

ቤውቬሪያ በደንብ የሚያድገው ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። በሰውነታችን የ37 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ማደግ ይከብደዋል። ስለዚህ ጤነኛ ሰው ላይ ኢንፌክሽን የማስከተል ዕድሉ በጣም አነስተኛ ነው። ሆኖም «ተፈጥሯዊ» ማለት «ምንም አያደርግም» ማለት አይደለም። ዱቄቱን መተንፈስ ማስነጠስ፣ ሳል፣ የቆዳ ማሳከክ፣ አስም ባለበት ሰው ላይ ደግሞ የትንፋሽ ማጠርና ሲርሲርታ ሊያመጣ ይችላል።

ይበልጥ ሊጠነቀቁለት የሚገባው ዓይን ነው። የዓይን ገጽ ከሰውነት ውስጥ ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ፣ አልፎ አልፎ በእነዚህ ፈንገሶች የተነሣ የዓይን ብርሃን መስታወት ቁስለት ያጋጠማቸው ሰዎች አሉ፤ በተለይ ዓይናቸው ቀድሞ የተጎዳ፣ ኮንታክት ሌንስ የሚያደርጉ ወይም የስቴሮይድ ጠብታ የሚጠቀሙ። ዓይንዎ ውስጥ ከገባ ለ15 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ውኃ ይታጠቡ። ሕመም፣ መቅላት ወይም የእይታ መደብዘዝ ከቀጠለ ዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱና ምን ሲረጩ እንደነበር ይንገሩ። ቤት ውስጥ የተረፈ የዓይን ጠብታ ግን በጭራሽ አይጨምሩ። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ ለጊዜው ያስታገሰ መስሎ ቁስሉን ያባብሰዋል።

መርጨት የሌለበት ማን ነው?

የካንሰር ኬሞቴራፒ የሚወስዱ፣ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያደረጉ፣ የስቴሮይድ ክኒን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ፣ የኤችአይቪ ሕክምና ያልጀመሩ ወይም የመከላከል አቅማቸው የቀነሰ ሰዎች ሥራውን ለሌላ ሰው ይተዉ። አስም ያለበትም፣ ነፍሰ ጡርም እንዲሁ። ሌላው ሰው ማስክ፣ መነጽር፣ ጓንትና ረጅም እጅጌ ልብስ ያድርግ፤ ሲጨርስም ልብሱን ለብቻው ይጠበው። ቅጠሉ ሳይደርቅ ልጆች ማሳው ውስጥ አይግቡ።

በሩዝ ላይ ፈንገሱን ቤት ውስጥ ማራባት ይቻላል ሲባል ይሰማል። እኛ አንመክርም። ያለ ንጹሕ ላቦራቶሪ ሌላ ሻጋታ አብሮ ይበቅላል፤ አንዳንዱ ሻጋታ ደግሞ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመርታል። የተመዘገበና የአጠቃቀም መመሪያ ያለውን ምርት በግብርና ባለሙያ በኩል ያግኙ፤ ከምግብ ርቆ በጥላ ቦታ ያስቀምጡ።

በአስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው መቼ ነው?

የሚረጨው ሰው ምራቁ ከተዝረበረበ፣ እንባና ላቡ ከበዛ፣ ካስመለሰው፣ ካስቀመጠው፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ፣ ጡንቻው ከተንቀጠቀጠ ወይም ትንፋሹ ከከበደ፣ ይህ የፈንገሱ ምልክት አይደለም። እንደ ማላቲዮን ባለ ኬሚካል መመረዝን ያሳያል፤ ምናልባት መርጫው ቀድሞ ኬሚካል ተይዞበት ይሆናል። ልብሱን አውልቁ፤ ቆዳውን በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቡ፤ እናንተም ጓንት አድርጉ። ወተት አታጠጡት፤ እንዲያስመልሰውም አታድርጉ። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ወይም ስሙን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።