የሐረር ቤተሰብ የመዝናኛ ወጪና ባዶው ሣጥን



ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ሐረር ቤተሰቦች ፍጆታ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ እንድመረምር ተሰጥቶኝ ነበር። ጸሐፊው የከተማው ነዋሪ ለመዝናኛ የሚያወጣው ገንዘብ ከምንም እንደማይቈጠር ይደመድማል። ማስረጃው መጠይቁ ነው፤ ለሲኒማ፣ ለቴአትር፣ ለስታዲየምና ለሙዚየም መግቢያ የተከፈለ ገንዘብ የሚሞላባቸው ሣጥኖች አብዛኞቹ ባዶ ነበሩ። ቍጥሩን አልተጠራጠርሁም፤ የተጠራጠርሁት ድምዳሜውን ነው።

በ1988፣ በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. የተካሄዱት አገር አቀፍ የቤተሰብ ገቢ፣ ፍጆታና ወጪ ጥናቶች ለታሪክ ተመራማሪም ታላቅ ሀብት ናቸው። ሆኖም ማንኛውም ምደባ የራሱ ዓይን አለው። በእንዲህ ዓይነቱ ምደባ ጫት የሚቈጠረው በመዝናኛ ሥር ሳይሆን ከመጠጥና ከትምባሆ ጐራ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ሰዎች ተሰብስበው ጫት ሲቅሙ አይቶ ጽፏል። በጀጎል ቤት ውስጥ፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት ነደባ ላይ የሚካሄደው በርጫ ወግ፣ ክርክርና ዜና የሚሰማበት መድረክ ነው። ትኬት የለውም፤ ወጪ ግን አለው። ጫቱ፣ ከሰሉ፣ ዕጣኑና ቡናው ሁሉ ይገዛል፤ በመዝገቡ ላይ ግን እያንዳንዱ በየዘርፉ ተበታትኖ ይገባል።

አፎቻውም እንዲሁ ነው። የወንዶችም የሴቶችም አፎቻ አለ፤ አባላቱ በመዋጮ ሠርግም ይደግሳሉ፣ ሐዘንም ይወጣሉ። አንዲት እናት ለአፎቻዋ የምታዋጣው ገንዘብና ጕልበት የትኛው ለደስታ፣ የትኛው ለቀብር እንደ ሆነ የሚለይ መጠይቅ አላየሁም፤ እርሷም ራሷ የምትለየው አይመስለኝም። በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ሹዋሊድም በአደባባይ የሚከበር፣ በር ላይ የማይከፈልበት በዓል ነው። ለበዓሉ የተገዛው ቀሚስ ግን በመዝገብ «ልብስ» ነው።

የመግቢያ ክፍያ ሐረር ፈጽሞ አልደረሰም ማለቴ አይደለም። እኔ ወጣት ሳለሁ የቪዲዮ ቤት መግቢያ ከአንድ ብርጭቆ ሻይ ዋጋ ብዙም አይርቅም ነበር። (ብዙውን ጊዜ የሻዩ ገንዘብ ነው ወደዚያ የሚሄደው።) ገንዘቡ ከእናት ኪስ ወጥቶ፣ በወንድ ልጅ እጅ አልፎ በር ላይ ይቀራል። እኅቶቻችን በዚያ በር ሲገቡ አላየሁም። እንግዲህ የቤተሰቡ ወጪ ተብሎ የሚመዘገበው በእውነቱ የአንድ ልጅ ወጪ ነበር።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ትኬት የሌለውን ሁሉ «መዝናኛ» ብለን ብንሰይም የተማሪውን ስሕተት ገልብጠን እንደግመዋለን። ጫት ለዚክር በተሰበሰቡ ሰዎች ፊትም ይቀርባል፤ ያ አምልኮ ነው። በሌላ በኩል፣ ለልጆች ደብተር ሊገዛ የሚገባውን ገንዘብ በየቀኑ የሚበላውን ጫት «ባህል» ብሎ ማለፍም የቤቱን እመቤት ጥያቄ ማፈን ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ከአንዳንድ ባልደረቦቼ ጋር እንደማልስማማ ታውቃላችሁ።

ነገሩ ጐልቶ የሚታየው በጅቡ ላይ ነው። በአሹራ ዕለት ሐረሮች ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ለጅብ ያቀርባሉ። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ከግንቡ ውጭ በየምሽቱ ጅብ መቀለብ ትርኢት ሆኗል፤ እንግዳ ገንዘብ ከፍሎ ያያል። እንግዳው የከፈለው በጕዞ ማስታወሻው ላይ «የመግቢያ ዋጋ» ተብሎ ይጻፋል። ገንፎውን ያገነፋችው ሴት የገዛችው ቅቤ ግን በመጠይቁ ላይ የሚገኘው በ«ምግብ» ሥር ነው፤ ያውም ቤተሰቡ እንደ በላው ተቈጥሮ።