በሥራ ላይ ለሚፈጸም አድልዎ የማስረዳት ሸክም የማን ነው?

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 14 መሠረት አሠሪ በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳት ወይም በሌላ ሁኔታ በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግ የተከለከለ ነው።

በክርክር ጊዜ መብት የሚጠይቅ ወገን የጥያቄውን መሠረት ማስረዳት አለበት። ነገር ግን የምልመላ ቃለ ጉባኤ፣ የፈተና ውጤትና የሠራተኛው የግል ማኅደር የሚገኙት በአሠሪው እጅ ነው። በመሆኑም ሕጉ ሸክሙን ወደ አሠሪው የሚያዞርባቸው ሁኔታዎች አሉ።

አካል ጉዳተኞች፦ በአዋጅ ቁጥር 568/2000 መሠረት በምልመላ፣ በዕድገት፣ በምደባ ወይም በዝውውር ረገድ በአካል ጉዳቱ ምክንያት አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል ሰው ምክንያቱን ገልጾ ክስ ማቅረብ ይችላል። አድልዎ አለመፈጸሙን የማስረዳት ግዴታ የተከሳሹ አሠሪ ነው። ስለሆነም ማስረጃ በእጅ አለመኖሩ ብቻ መብትን ከመጠየቅ ሊያግድ አይገባም።

ከሥራ የተሰናበቱ፦ ሠራተኛውን ማሰናበቱን ያልካደ አሠሪ የስንብቱን ምክንያት ሕጋዊነት ማስረዳት ይጠበቅበታል። እርግዝና፣ የትዳር ሁኔታ፣ የሠራተኛ ማኅበር አባልነት ወይም በአሠሪው ላይ አቤቱታ ማቅረብ በአንቀጽ 26 መሠረት ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት አይሆኑም።

በሌሎች ጉዳዮች ግን ሠራተኛው የሥራ ውሉን፣ የተጻፉለትን ደብዳቤዎችና ምስክሮቹን አስቀድሞ ማዘጋጀት ይኖርበታል። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

በቀራንዮና በአካባቢው የሚገኙ ሠራተኞች ለተጨማሪ መረጃ የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤትን መጠየቅ ይችላሉ።