ያልደረሱት በጎ ፈቃደኞች፦ በ1928ቱ ጦርነት ዋዜማ የተደራጁ አብራሪዎች

(በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ለተማሪዎችና ለመምህራን ከቀረበ ሕዝባዊ ንግግር የተገለበጠ)



ከዚህ አዳራሽ ወጥተን ወደ ጦር ኃይሎች ብንወርድ፣ ጥቂትም ብንቀጥል፣ የታክሲ ረዳቶች እስከ ዛሬ «ኦልድ ኤርፖርት» እያሉ የሚጣሩለት ሰፈር እንደርሳለን። የመንገደኛ አውሮፕላን ከለቀቀው ቆይቷል፤ ስሙ ግን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ በፊት ይጠቀምበት የነበረውን የልደታን ማረፊያ ያስታውሳል። ባለፈው ዓመት ስለ አየር ኃይላችን አጀማመር ሳስተምር አንድ ተማሪ «በ1928ቱ ጦርነት አብራሪዎቻችን ስንት የጣሊያን አውሮፕላን ጣሉ?» ሲል ጠየቀኝ። «በአየር ላይ ገጥመው የጣሉት አንድም የለም» አልኩት። ክፍሉ ዝም አለ። ዝምታው የኀፍረት መሰለኝ፤ የዛሬው ንግግሬም ከዚያ ዝምታ የመጣ ነው።

ስለ ራሳችን ስናገር ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር፣ የአሜሪካውን ስጠቅስ ግን እ.ኤ.አ. እያልሁ እሄዳለሁ።

አጀማመሩ የታወቀ ስለሆነ አልፈዋለሁ። ራስ ተፈሪ መኰንን በ1915 ዓ.ም. በኤደን የእንግሊዝን አውሮፕላኖች አይተው፣ ራሳቸውም ተሳፍረው ተደነቁ። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው ፖቴዝ 25 በፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ እየተበረረ አዲስ አበባ ገባ። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ይህ አዲስ መሣሪያ መጀመሪያ በጦርነት የዋለው በውጭ ጠላት ላይ ሳይሆን፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ ነበር። በትምህርት ቤት ይህን ገጽ ፈጥነን እንገልጠዋለን።

በዚያን ጊዜ አብራሪዎቹ በደመወዝ የተቀጠሩ የውጭ ሰዎች ነበሩ። ሆኖም ብዙ ሳይቆይ አባቱ ሩሲያዊ እናቱ ኢትዮጵያዊት የነበሩት ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ትምህርታቸውን ጨርሰው የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። በወረራው ዋዜማ ወይዘሮ ሙሉእመቤት እምሩ የበረራ ትምህርት ጀምረው ነበር። ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰንን «የኢትዮጵያ አየር ኃይል አባት» የሚሉ ጽሑፎች እነዚህን ሰዎች ይዘነጋሉ። ሰውየው ታላቅ ነው፤ ለታላቅነቱ ግን ይህ ማዕርግ አያስፈልገውም።

ሮቢንሰን ብቻውን የተነሣ ሰው አልነበረም። በቺካጎ እርሱና ጓደኛው ኮርኔሊየስ ኮፊ ወደ ከርቲስ ራይት የበረራ ትምህርት ቤት ለመግባት ሲያመለክቱ ስለ ቆዳቸው ቀለም ተከለከሉ፤ የገቡትም ክስ እንደሚከተል ከተነገረ በኋላ ነው። ከተመረቁ በኋላም ነጮቹ የሚበሩበት ሜዳ ስለ ተዘጋባቸው ቻሌንጀር የተባለ የአብራሪዎች ማኅበር አቋቋሙ። ሮቢንስ በተባለችው ትንሽ የጥቁሮች ከተማ መሬት ጠርገው የራሳቸውን ማረፊያ ሠሩ። ጃኔት ብራግ የተባለች ነርስ ከደመወዟ ቆጥባ ለማኅበሩ አውሮፕላን ገዛች። በ1935 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማሩ የነበሩት መላኩ በያን ለኢትዮጵያ የሚበር ሰው ሲፈልጉ ያገኙት እንግዲህ አንድ ጀብደኛ ብቻ አልነበረም፤ ከኋላው ማኅበር ነበረ። በአንጻሩ ሁበርት ጁሊያን ብቻውን የሚንቀሳቀስ ሰው ነበር፤ በንግሥ በዓሉ ዋዜማ የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን ከሰከሰ። ጋዜጦች ግን ጁሊያንን ይበልጥ ይወዱት ነበር።

ሮቢንሰን በ1927 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ አዲስ አበባ ገባ። ዕቅዱ ኮፊና ሌሎችም እንዲከተሉት ነበር። አልተከተሉም። ፈቃድ አጥተው አይደለም፤ በዚያው ክረምት በሃርለምና በቺካጎ ለኢትዮጵያ ለመዝመት የተመዘገቡ ጥቁር አሜሪካውያን ብዙ ነበሩ። የአገራቸው ሕግ ግን በባዕድ ጦር መሰለፍን ይከለክል ነበር። በነሐሴ መጨረሻ የወጣው የገለልተኝነት ሕግ ደግሞ የጦር መሣሪያ ለተዋጊ ወገኖች እንዳይሸጥ አገደ። «ለሁለቱም ወገን» ይላል ሕጉ። አንደኛው ወገን ግን የራሱ የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ነበሩት። እኔ የዚህን ታሪክ ቁልፍ የማገኘው እዚህ ላይ ነው፦ በጎ ፈቃዱ ተደራጅቶ ነበር፣ በሩ ግን ተዘግቷል።

ሮቢንሰን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐድዋ ስትደበደብ እዚያው ነበረ። አዛዥ ሆኖ የተረከበው አሥራ ሦስት ገደማ አውሮፕላኖችን ሲሆን፣ ከእነርሱም የሚበሩት ጥቂቶች፣ ለአየር ውጊያ የሚሆኑት ደግሞ ከሞላ ጎደል አልነበሩም። ጣሊያን በአንጻሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች አሰልፋለች። እነዚህን አውሮፕላኖች ወደ ውጊያ መስደድ ማጥፋት ነበር። ስለዚህ መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ያመላልሱ ጀመር፤ በተለይ የንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ሰፈር በነበረችው ደሴና በአዲስ አበባ መካከል። ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች፤ አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚሸከመው ይቀንሳል፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። ከዚያ ከፍታ ተነሥቶ፣ ያለ ሬዲዮ መሪ፣ በተራራና በጭጋግ መካከል ያልታጠቀ አውሮፕላን እየነዱ የጠላት ተዋጊ አውሮፕላን እንዳያገኝ መሸሽ ነበረባቸው። ደሴ ኅዳር 26 ቀን ተደበደበች።

ለተማሪዬ ያኔ ያልመለስሁለት ይህ ነው። ስልክና መንገድ ባልተሟላበት አገር የጦር ግንባርንና ዋና ከተማን ማገናኘት የመከላከል ሥራ ነው። የተጣለ አውሮፕላን ብቻ የምንቆጥር ከሆነ፣ መለኪያውን የተዋስነው ፋብሪካ ከነበረው ወገን ነው። በዚያው ጊዜ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትንሽ አውሮፕላን ሠራ፤ በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰየመች። ጣሊያኖች ማርከው ወሰዷት፤ የተመለሰችልን በ2016 ዓ.ም. ነው።

ሮቢንሰን አገሩ ተመልሶ በቺካጎ በታላቅ አጀብ ተቀበሉት። ለመምጣት ያልቻለው ኮፊ ከዊላ ብራውን ጋር የበረራ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ቱስኪጊ ሄደው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተዋጉት ጥቁር አብራሪዎች ጋር ተቀላቀሉ። እኛ ልንቀበለው ያልቻልነው ማኅበር በዚህ መንገድ ጣሊያን ሰማይ ላይ ደረሰ።

ሮቢንሰን ራሱ በ1936 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ብቻውን ሳይሆን የሙያ ጓደኞቹን አስከትሎ ነበር። የኢትዮጵያን ወጣቶች በረራ አስተማረ። በ1946 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ የተቀበረውም እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።