ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ፦ የወረርሽኝ ክረምትና የዕቁብ ደብተር

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ዴንቨር የሚኖር የድሮ ተማሪዬ ሰሞኑን በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ እኛ እዚህ የኮቪድን ክረምት ያሳለፍነው ወይ በረዶ ላይ ስንንሸራተት፣ ወይ ስልካችን ላይ አክሲዮን ስንገዛና ስንሸጥ ነው። መርካቶ ያኔ ምን ይሠራ ነበር?» አለኝ። በሁለት መስመር ልመልስለት ሞከርኩ፣ አልሆነም። እዚህ ልጻፈውና ሁላችሁም አንብቡት።

መጀመሪያ የእነሱን እንጨርስ። በረዶ ላይ መንሸራተት፣ ስኪ የሚሉት፣ ከኮቪድ ታሪክ ጋር የተያያዘው ገና ከጠዋቱ ነው። ኦስትሪያ ውስጥ ኢሽግል የምትባል የተራራ ከተማ አለች። በፈረንጆቹ 2020 የካቲትና መጋቢት ላይ ቀን ሲንሸራተት የዋለ ሰው ማታ በየመጠጥ ቤቱ ተጨናንቆ ሲጨፍር በሽታውን ተቀባብሎ ወደ ጀርመን፣ ወደ አይስላንድ፣ ወደ ኖርዌይ ይዞት ሄደ። የተማሪዬ አገር ኮሎራዶም መጋቢት 14 ቀን 2020 የስኪ ቦታዎቹን ዘጋች። እኛ አገር የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተነገረው ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። (በነገራችን ላይ ስኪ ለኢትዮጵያ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ሮቤል ተክለማርያም አዲስ አበባ የተወለደ ልጅ ነው፤ በ1998 ቶሪኖ፣ በ2002 ቫንኩቨር፣ ሁለት የክረምት ኦሎምፒክ ላይ ባንዲራችንን ይዞ ተንሸራቷል። ክፍል ውስጥ ስነግራችሁ የሳቃችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።)

አክሲዮኑም እንደዚያው ነው። ቤቱ የተዘጋበት የአሜሪካ ወጣት ስልኩን ከፍቶ ገበያ ገባ። ጌምስቶፕ የሚባል የጌም መሸጫ ድርጅት አክሲዮን በ2021 ጥር መጀመሪያ ከ20 ዶላር በታች ነበር፤ ወሩ ሳያልቅ 347 ዶላር ገባ፤ ከሳምንት ገደማ በኋላ ከ60 በታች ወረደ። ከላይ የገዛው ማን እንደሆነ የሸጠለት ሰው አያውቅም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ሰፈራችን። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ በየቀኑ የሚያልፈው ሰው የስንቱን ታሪክ እንደሚረግጥ አያውቅም። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ አባ መላ፣ የምኒልክ የጦር ሚኒስትር ናቸው። በ1910 መሃል ሰፋሪው ተነስቶ ሚኒስትሮቹ ሁሉ ሲሻሩ እሳቸው ብቻ አልተነኩም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1919 እስኪሞቱ ድረስ ከንግሥት ዘውዲቱና ከራስ ተፈሪ ቀጥሎ ሦስተኛው ጉልበት ነበሩ። ድልድዩ በእሳቸው ስም ሲጠራ ይኖራል።

በእሳቸው ዘመን ግን ዛሬ መርካቶ የምንለው ገበያ የለም። ገበያው አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ወደ ምዕራብ ገፍቶ «የአገሬው ሰው ገበያ» ብሎ የለየው ጣሊያን ነው፤ መርካቶ የሚለውም ስም ከዚያው ቀረ። ስለዚህ ድልድዩን ስታስቡት በአሮጌው ገበያና በአዲሱ መካከል ያለ መሻገሪያ አድርጋችሁ አስቡት።

የአሮጌው ገበያ ሰው ያየው ወረርሽኝ የኅዳር በሽታ ነው። 1911 ኅዳር። ዓለም የስፓኝ ጉንፋን የሚለው ማለት ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ ብዙ አልቆየም፤ በሽታውም በጅቡቲ በኩል መስመሩን ተከትሎ እንደመጣ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው አዲስ አበባ ላይ ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ሰው መሞቱን አስፍረዋል። ያኔ ከተማዋ የዛሬዋ አንድ ክፍለ ከተማ እንኳ አታክልም ነበር፤ ቁጥሩን በዚያ መዝኑት። በኅዳር 12 ቆሻሻ የምናቃጥለው፣ ኅዳር ሲታጠን የምንለው፣ የዚያ ጊዜ ትዝታ ነው። ጭሱን ስትረግሙ ይቺን አስታውሱ።

እኔን ግን ከሟቹ ቁጥር በላይ የሚያስደነግጠኝ ቀባሪ መጥፋቱ ነው። ቤተሰብ በሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር ተኝቶ ውሃ የሚያቀብል ጠፋ። አዲስ አበባ የመጤ ከተማ ናት። ከጉራጌም፣ ከመንዝም፣ ከወለጋም የመጣው ሰው ዘመዱ አገር ቤት ነው። ሲሞት ማን ይቅበረው? የዕድርን አጀማመር አንዱ አጥኚ ወደ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ፣ ሌላው ወደ ጣሊያን ጊዜ ይወስደዋል። የትኛውም ይሁን፣ ዕድር የተፈጠረው ይህንን ጥያቄ ለመመለስ እንደሆነ አልጠራጠርም። ዕቁብም የዕድር ወንድም ነው፤ አንዱ ለቀብር፣ አንዱ ለንግድ። መርካቶን ያቆመው ባንክ አይደለም። የባንክ በር ላይ ጋቢውን ለብሶ የቆመ ቸርቻሪ በ1940ዎቹ ማን ያበድረው ነበር? ዕቁብ ነው ያበደረው።

እናም 2012 መጣ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ከድልድዩ ብዙ የማይርቀው አትክልት ተራ በዚያው ሰሞን ተነስቶ ጃን ሜዳ ገባ። ሽንኩርትና ቲማቲም የጥምቀት ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ለቅሶ ቤት መተቃቀፍ ቀረ፣ ድንኳን ቀረ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በሽታው የመታው ሰውነታችንን ብቻ አልነበረም። ያለን ዋስትና በሙሉ የተሠራው ከመሰብሰብ ነው፤ የተከለከለውም መሰብሰብ ነው።

እዚህ ላይ ደብተሬን ላውጣ። ባለቤቴ መርካቶ ሱቅ ስለነበራት የአንድ ዕቁብ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ጽሕፈትህ ጥሩ ነው ተብዬ። አርባ አባል፣ በየእሁዱ 2,000 ብር፣ ዕጣው 80,000። የጀመርነው ጥቅምት 2 ቀን 2012 ነው። አዋጁ ሲመጣ አራት ሳምንት አቆምን። ዕጣው ገና ያልወጣላቸው አባላት እንቅልፍ አጡ፣ እውነታቸውን ነው። የበላ ሰው ዕቁቡ ቢፈርስ ምን ይጎዳዋል? ያልበላው ነው የሚያለቅሰው። ስልኬ ሌሊት ሁሉ ይጮህ ነበር።

ዳኛችን አንድ መላ አመጡ። ዕጣ የሚያወጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ይሁኑ፦ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ካልበሉት አንድ ሰው ለምስክርነት። ክፍያው በባንክ ሂሳብ ይግባ። (ቴሌብር ገና አልመጣም፤ እሱ የጀመረው ግንቦት 2013 ነው።) ደረሰኙን በስልክ ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል፣ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። የሰባ ዓመት ሰውዬ ቴሌግራም የተማሩት ለዚህ ሲሉ ነው።

ችግሩ የመጣው ከአንድ ካፌ ካለው አባል ነው። ስሙን አልጠራም። በስድስተኛው ሳምንት በልቷል፣ በብሩም ወንበርና ማሽን ገዝቷል። ካፌው ባዶ ሆነ። እስከ 24ኛው ዕጣ ከፈለ፣ ከዚያ አልቻለም። ዋሱ ሸማ ተራ የሚሠሩ ሰው ናቸው፤ ደንቡ «ዋስ ይከፍላል» ነው፣ ነገር አልቋል። ግን የዋሱም ሱቅ ከቆመ ቆይቷል።

ሁለቱን ቀጥቅጦ ማስከፈል ይቻል ነበር፤ ጠበቃ እንያዝ ያለም ነበር። ለሦስት ቀን በስልክ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ የተስማማንበት ይኸው፣ ከደብተሩ ነው የምገለብጠው፦ ባለ ካፌው በሳምንት 500፣ ዋሱ 500 ይከፍላሉ። የጎደለው 1,000 ብር በየሳምንቱ ከባለዕጣው ላይ ይቀራል፤ ባለዕጣው 79,000 ይወስዳል፣ አንድ ሺው ባለ ካፌው ላይ ዕዳ ሆኖ ይጻፋል። ከ25ኛው እስከ 40ኛው፣ አሥራ ስድስት ዕጣ፣ አሥራ ስድስት ሺህ ብር ዕዳ ለአሥራ ስድስት ሰው። የመጨረሻው ዕጣ የወጣው ነሐሴ 3 ነው፤ ዝናቡ ሲወርድ፣ በሽታውም አገር ሲያዳርስ።

ጌምስቶፕን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። እዚያ አክሲዮኑን የገዛው ሰው ከሻጩ ጋር አይተዋወቅም፤ ሲወድቅ ብቻውን ይወድቃል። እኛ ጋ በ2012 እንኳን በስልክ፣ በአካልም የሚሄዱበት የአክሲዮን ገበያ አልነበረም፤ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ሥራ የጀመረው ጥር 2017 ነው። መርካቶ ገንዘቡን ያስቀመጠው ሰው ላይ ነው። ሰው ደግሞ ሲወድቅ በሳምንት 500 እያለ ይመለሳል።

ይሄን ስል ዕቁብን ላሞግስ ፈልጌ እንዳይመስላችሁ። ሒሳቡ ጨካኝ ነው። በዚያ ዓመት የዋጋ ንረቱ በመቶ 20 አካባቢ ነበር። ጥቅምት ላይ የወጣ 80,000 ብርና ነሐሴ ላይ የወጣ 80,000 ብር አንድ አይደሉም፤ የኋለኛው የሚገዛው የፊተኛው 70 ሺህ ያህሉ የሚገዛውን ብቻ ነው። መጀመሪያ የበላው ያለ ወለድ ተበድሯል፣ መጨረሻ የበላው ያለ ወለድ አበድሯል። ዕጣ ስለሆነ ማንም አያኮርፍም እንጂ ሀብት ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። «ዕቁብ ቁጠባ ነው» የሚሉ ወጣቶች አክሲዮንም ቢጨምሩበት አልከፋም። አዋሽ ባንክ በ1987 ሲመሠረት 486 ሰው 24.2 ሚሊዮን ብር አዋጥቶ ነው፤ እሱም ራሱ ትልቅ ዕቁብ ይመስላል፣ ልዩነቱ ትርፍ ማካፈሉ ነው።

ከዚያ መስከረም 4 ቀን 2013 የብር ኖት ተቀየረ ተባለ። ለመቀየሪያ የተሰጠው ሦስት ወር ነው፤ ፍራሽ ሥር ያለ ብር ሁሉ ወደ ባንክ መሮጥ ነበረበት። መርካቶ በሁለት መንገድ ተናወጠ፤ ጭንብሉን አድርጎ ባንክ በር ላይ ተሰለፈ። ባለ ካፌያችን ኅዳር ላይ አሮጌ መቶ ብሮች በፌስታል ይዞ መጣ፦ «ቀኑ ሳያልፍባቸው ተቀበሉኝ» ብሎ። ዘጠኝ ሺህ ነበር። ዘጠኝ ስም ሰረዝኩ።

ከቀሩት ሰባት አንዷ በዚያ ክረምት ሞተዋል፤ ቡና ይሸጡ የነበሩ እናት። ቀብራቸው ላይ የነበርነው በጣት የምንቆጠር ነን፤ ዕድሩ ድንኳን አልጣለም፣ ንፍሮም አልተቀቀለም። የእሳቸውን አንድ ሺህ ብር ባለ ካፌው በ2014 ለልጃቸው ሰጠ። ለመቀበል አልፈለገችም ነበር፤ ደብተሩን ሳሳያት የእናቷን ስም አየችና ተቀበለች። ስድስቱ እስከ ዛሬ አልተሰረዙም። ሰውዬው ካፌውን ሸጦ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ በዓል በዓል ላይ ይደውልልኛል፣ ስለ ዕዳው አንድም ጊዜ ሳያነሳ አልዘጋም።

የታሪክ መምህር ነኝና አሁን የማስቸግራችሁ በአንድ ነገር ነው። ስለ 1911 የምናውቀውን የጻፉልን ቤተ መንግሥትና ቤተ ክህነት አካባቢ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የአራዳ ቸርቻሪ ዕዳውን ለማን እንደከፈለ፣ የሞተ ሰው ብድር ምን እንደሆነ የጻፈልን የለም። የ2012 ግን ደብተር አለ፤ በየቤቱ፣ በየሱቁ፣ በየአሮጌው ስልክ ውስጥ። ጥቅምት 2017 ሸማ ተራ ሲቃጠል ከጨርቁ ጋር ስንት ደብተር እንደነደደ አስቡት። የዋሳችን ሱቅም ከእነሱ አንዱ ነው።

የዕቁብ ወይ የዕድር ጸሐፊ የነበራችሁ፣ ወይ አባታችሁ የነበሩ፣ ከመጋቢት እስከ ጳጉሜ 2012 ያለውን ገጽ ፎቶ አንሱልኝ። ስሙን በወረቀት ሸፍኑት፣ እኔ የምፈልገው ቀኑን፣ ብሩንና ዳር ላይ የተጻፈችውን ማስታወሻ ነው። ዴንቨር ያለኸውም ልጄ፣ እናትህ የአንድ የሴቶች ዕቁብ ዳኛ እንደነበሩ አውቃለሁ፤ ደውልና ጠይቃቸው።